በባሕር ዳርቻ ፓርክ ድንኳን ተክሎ ማደርና ውሃ ላይ መዝናናት፦ ደረጃ በደረጃ

ባሕር ዳርቻ ላይ ካምፕ የሚወጡ ሰዎች ችግራቸው ይመሳሰላል። ድንኳኑን ነፋስ ይነቅለዋል። ሌሊት ውሃው ደጃፍ ድረስ ይመጣል። ካያኩ (በመቅዘፊያ የሚሄድ ጠባብ ጀልባ) ሲሄድ ይፈጥናል፣ ሲመለስ አልንቀሳቀስ ይላል። ጎበዝ ዋናተኛ የተባለው ሰው ወገቡ ድረስ ባለ ውሃ ውስጥ ቆሞ ሳለ ይወሰዳል። የሁሉም መነሻ አንድ ነው። ፕሮግራሙ የወጣው በሰዎቹ ሰዓት እንጂ በባሕሩ ሰዓት አይደለም።

ባሕር እንደ ሐይቅ ባለበት አይቆይም። በቀን ውስጥ ይሞላል፣ ይጎድላል። ነፋሱም ጠዋትና ከሰዓት አንድ ዓይነት አይደለም። ስለዚህ ከታች ያለው ሁሉ በሁለት ጥያቄ ዙሪያ ይሄዳል፦ ውሃው መቼ ይወጣል? ነፋሱ ወዴት ይነፍሳል? ቅደም ተከተሉን ጠብቁ፤ አንዱን ደረጃ ስትዘሉ ችግሩ የሚታየው ሁለት ሦስት ደረጃ አልፎ ነው።

## ደረጃ 1፦ ከመነሳታችሁ በፊት

### ፓርኩን ጠይቁ

ደውሉ ወይም ድረ ገጹን ተመልከቱ። እነዚህን አረጋግጡ፦

1. የድንኳን ቦታ አስቀድሞ መያዝ አለበት?
2. አሸዋው ላይ መትከል ይፈቀዳል ወይስ በተከለለው ቦታ ብቻ?
3. እሳት ማንደድ ይቻላል?
4. የሚጠጣ ውሃና መታጠቢያ አለ?
5. ነፍስ አድን ሠራተኞች ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት ይቆማሉ?

አምስተኛውን ብዙ ሰው ይዘለዋል። እኔ ግን ከሁሉም አስቀድሜ የምጠይቀው እሱን ነው። የመዋኛ ሰዓታችሁን የሚወስነው እሱ ነውና።

### የሙላትና የጉድለት ሰዓት ያዙ

በአብዛኛው የዓለም ክፍል ባሕር በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ከአንዱ ሙላት እስከ ቀጣዩ 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ዛሬ ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ የሞላ ባሕር እንደገና የሚሞላው ከምሽቱ 4፡25 ገደማ ነው። በማግስቱ ደግሞ ከረፋዱ 4፡50 አካባቢ። በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ይዘገያል ማለት ነው። በዚህ ምክንያት የትናንቱን ሰዓት ይዞ ዛሬ መንቀሳቀስ አይሠራም።

የሚወጣበት ከፍታ ከቦታ ቦታ በጣም ይለያያል። አንዳንድ ዳርቻ ላይ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ነው፤ በካናዳው የፈንዲ ባሕረ ሰላጤ ግን እስከ 16 ሜትር ይደርሳል። በቀን አንዴ ብቻ የሚሞላ ባሕርም አለ። ስለዚህ የምትሄዱበትን ቦታ ሰንጠረዥ ፈልጉ፤ የጎረቤት ከተማ ሰንጠረዥ አይበቃም። የእያንዳንዱን ቀን ሰዓትና ከፍታ ወረቀት ላይ ጻፉት። ስልክ ባትሪው ያልቃል፣ ኔትወርክም ይጠፋል።

ሁለት ነገር ጨምራችሁ ያዙ። አንደኛ፣ ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወለድ ሙላቱ ከሌላው ጊዜ ይበልጣል። ሁለተኛ፣ ውሃው እኩል እኩል እየጨመረ አይወጣም። ከጉድለት እስከ ሙላት ያለውን ስድስት ሰዓት ብትከፍሉት በመጀመሪያው ሰዓት የሚወጣው ከጠቅላላው 12ኛ እጅ ብቻ ነው። በሁለተኛው ሰዓት 2/12 ይወጣል። በሦስተኛውና በአራተኛው ግን በየሰዓቱ 3/12 ነው፤ ግማሹ ውሃ በእነዚህ ሁለት ሰዓታት ይመጣል ማለት ነው። እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ውሃ ይኼ ነው። ገደል ሥር ያለች ትንሽ አሸዋ ላይ የተቀመጠ ሰው በመጀመሪያው ሰዓት ምንም ለውጥ አያይም። በሦስተኛው ሰዓት ግን መመለሻ መንገዱ ይዘጋበታል።

### የነፋሱን አቅጣጫ እዩ

ጠራ ባለ ቀን ምድሩ ሲሞቅ ነፋሱ ከባሕር ወደ ምድር ይነፍሳል፤ ከሰዓት በኋላ ይበረታል። ሌሊትና ማለዳ ምድሩ ሲቀዘቅዝ በተቃራኒው ከምድር ወደ ባሕር ይሆናል። ማለዳ ባሕሩ ለጥ ያለ የሚመስለው ለዚህ ነው። ለካያክ ጥሩ ሰዓት ይመስላል፣ ነገር ግን ያው ለስላሳ ነፋስ ወደ ውስጥ እየገፋችሁ ሊሆን ይችላል። ትንበያ ስታዩ የነፋሱን ፍጥነት ብቻ ሳይሆን አቅጣጫውንም ጻፉ።

በመጨረሻ የት እንደምትሄዱ፣ መቼ እንደምትመለሱና ካልተመለሳችሁ ለማን መደወል እንዳለበት ለአንድ ሰው ንገሩ። የአካባቢውን የአደጋ ጊዜ ስልክ ቁጥር በወረቀት ያዙ። በብዙ አገሮች 112 ይሠራል።

## ደረጃ 2፦ ዕቃ

ለባሕር ዳርቻ የሚለዩትን ብቻ ልንገራችሁ። የቀረው እንደ ማንኛውም ካምፕ ነው።

- የአሸዋ ካስማ። ከድንኳኑ ጋር የሚመጣው ቀጭን ካስማ አሸዋ አይዝም። ከ30 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም፣ ሰፋ ያለ ካስማ ያዙ። ካላገኛችሁ ስድስት ያህል ባዶ የጨርቅ ከረጢትና ተጨማሪ ገመድ ይዛችሁ ሂዱ፤ አጠቃቀሙ ደረጃ 4 ላይ አለ።
- ውሃ። ለመጠጥና ለማብሰል ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 4 ሊትር ያዙ። ጨው ለማጠቢያ የሚሆነውን ለብቻው አስቡ።
- ጥላ። ድንኳን ቀን ላይ ጥላ አይደለም፤ ምድጃ ነው። ለብቻው የሚዘረጋ ሸራ ያስፈልጋል።
- ሰንስክሪን (የፀሐይ መከላከያ ቅባት)። ኤስፒኤፍ የሚባለው የመከላከል መለኪያው 30 ወይም ከዚያ በላይ ይሁን። ረጅም እጅጌ ያለው የመዋኛ ልብስና ሰፊ ኮፍያ ከቅባቱ ይልቅ አስተማማኝ ናቸው።
- የውሃ ጫማ። ድንጋይ፣ ዛጎልና እሾሃማ የባሕር እንስሳ ላለበት።
- ቴርሞስና ማሞቂያ። ሙቅ ውሃ ለሻይ ብቻ አይደለም፤ ለባሕር እንስሳ ንድፊያ ዋናው የመጀመሪያ እርዳታ ነው።
- ላይፍ ጃኬት በየሰው ልክ፣ ፉጨት፣ ውሃ የማያስገባ የስልክ ከረጢት፣ ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ።

አይስ ቦክስ ከያዛችሁ ተሰባብሮ ከተቀረጸ በረዶ ይልቅ ትልልቅ ጥፍጥፍ በረዶ አድርጉበት፤ ቶሎ አይቀልጥም። የመጠጥ ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ አቀዝቅዞ ማስገባት ደግሞ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ሲቀልጥ ይጠጣል። ጠርሙሱን ግን እስከ አፉ አትሙሉት፣ ይሰነጠቃል።

## ደረጃ 3፦ ስትደርሱ፣ የመጀመሪያው ሰዓት

ዕቃ አታውርዱ። መጀመሪያ በእግር ዙሩ።

የውሃውን ምልክት ፈልጉ። ደርቆ የተከመረ የባሕር ሣር፣ እንጨት፣ ዛጎልና ፕላስቲክ በረድፍ ተዘርግቶ ታያላችሁ። የመጨረሻው ሙላት እዚያ ደርሶ ነበር ማለት ነው። ከዚያ በላይ ሌላ የቆየ ረድፍ ካለ ባሕሩ አንዳንዴ እስከዚያም ይወጣል። ድንኳናችሁ ከላይኛው ረድፍ በላይ፣ በደንብ ራቅ ብሎ መሆን አለበት። ጨረቃዋ ሙሉ ከሆነች ወይም ኃይለኛ ነፋስ ከባሕር ከተነበየ የበለጠ ራቁ። ረድፉ ከገደሉ ወይም ከግንቡ ሥር ከደረሰ እዚያ ማደሪያ የለም።

ሣር የበቀለበትን የአሸዋ ጉብታ ተዉት። ያን ጉብታ የያዘው የሣሩ ሥር ነው። ሣሩ ሲረገጥ ይሞታል፣ አሸዋውም ይሄዳል። በተሠራው መንገድ ብቻ ተሻገሩ። ወፎች የሚፈለፍሉበትና ኤሊዎች እንቁላል የሚጥሉበት ቦታ ምልክት ካለበትም አትጠጉ።

ወደ ላይ ተመልከቱ። ገደል ሥር ድንጋይ ይወርዳል። ደረቅ ቅርንጫፍ ያለው ዛፍ ሥርም ጥሩ አይደለም። የወንዝ አፍና ደረቅ የጎርፍ መውረጃ ውስጥ አትትከሉ፤ እናንተ ጋ ሳይዘንብ ላይኛው አገር ዘንቦ ሊደርስ ይችላል።

የመውጫ መንገድ ምረጡ። በሌሊት ተነስታችሁ በእግር ወደ ከፍታ ቦታ የምትሄዱበትን መንገድ አሁን፣ በብርሃን እዩት። ልጆችም ይዩት።

## ደረጃ 4፦ አሸዋ ላይ ድንኳን መትከል

አብዛኛው ሰው የሚሸነፈው እዚህ ነው። ድንኳኑ ደካማ ሆኖ አይደለም። አሸዋ ካስማን የሚይዘው በክብደቱ ብቻ ስለሆነ ነው። ስለዚህ ዘዴው ካስማውን ጠልቆ ማስገባት ሳይሆን ብዙ አሸዋ እንዲጫነው ማድረግ ነው።

1. የነፋሱን አቅጣጫ ለዩ። ጠባቡንና ዝቅ ያለውን ወገን ወደ ነፋሱ አዙሩ። በሩ ከነፋሱ ተቃራኒ ይሁን።
2. ቦታውን ደልድሉ። የዛጎል ስብርባሪ ልቀሙና ከሥር የሚነጠፈውን ሸራ ዘርጉ። ሸራው ከድንኳኑ ወለል መውጣት የለበትም፤ ከወጣ ዝናብ ሰብስቦ ከሥራችሁ ያስገባል።
3. ዘንጎቹን ከመገጣጠማችሁ በፊት በነፋሱ በኩል ያሉትን ሁለት ማዕዘኖች ያዙ። ውስጡ ከባድ ሻንጣ አድርጉ። ይህን ሳታደርጉ ድንኳኑን ካቆማችሁት ሸራው ነፋስ ሞልቶት ይሄዳል።
4. ለእያንዳንዱ አውታር 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ጠባብ ጉድጓድ ቆፍሩ። ጉድጓዱ አውታሩን አቋርጦ የሚሄድ ይሁን።
5. ከረጢቱን በአሸዋ ሞልታችሁ አፉን እሰሩ። አውታሩን ወገቡ ላይ እሰሩት። ጠንካራ እንጨትም ይሆናል።
6. ከረጢቱን ጉድጓዱ ውስጥ አጋድሙት። ከጉድጓዱ ወደ ድንኳኑ ለገመዱ ቀጭን መውጫ ቅደዱ። ገመዱ ቀጥ ብሎ ካልወጣ ከረጢቱን ወደ ላይ ይስበዋል።
7. እርጥብ አሸዋ መልሱበት፤ በየመሐሉ በእግር ደልድሉ። ደረቅ አሸዋ ብቻ ካለ ጥቂት የባሕር ውሃ አፍስሱበት።
8. አውታሩን ወጥሩ። ከመሬት ጋር 45 ዲግሪ ገደማ ይሥራ።
9. በሙሉ ኃይላችሁ ጎትቱት። ከተንቀሳቀሰ ጥልቀቱን ጨምራችሁ ድገሙት።

ከተበላሸ። አውታሩ ላልቶ ከተገኘ አሸዋው ደርቋል ማለት ነው፤ አርጥቡና እንደገና ርገጡት። ዘንግ ከተሰበረ በሁለቱ በኩል ካስማ ደግፋችሁ በፕላስተር ጠቅልሉት። ነፋሱ ከመጠን በላይ ከሆነ አትታገሉት። ድንኳኑን አጋድሙ፣ ላዩ ላይ ሻንጣ ጫኑና መኪና ወይም ሕንፃ ውስጥ ቆዩ።

ማታ ላይ ልብስ ሲረጥብ ብዙዎች ድንኳኑ ያፈስሳል ይላሉ። አብዛኛውን ጊዜ የራሳችሁ ትንፋሽ ነው፤ ሸራው ላይ ጤዛ ሆኖ ይወርዳል። የላይኛውን የአየር ማስገቢያ ክፍት አድርጉ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ልጆች አሸዋ ላይ ጥልቅ ጉድጓድ መቆፈር ይወዳሉ። ጉድጓዱ ሲደረመስ አሸዋው ሰውን በሰከንዶች ይቀብራል፤ ሰው ሞቶበታል። ከመካከላችሁ አጭር ከሆነው ሰው ጉልበት በላይ እንዳይጠልቅ፤ በጎን በኩል ዋሻ ጭራሽ አይቆፈር። ሲጨርሱ ይድፈኑት።

## ደረጃ 5፦ እሳትና ምግብ

ምድጃችሁን ከነፋስ መከለያ ጀርባ አስቀምጡ። ቢዘንብም ቢበርድም ድንኳን ውስጥ አታስገቡት። የከሰል ፍም ለሙቀት ብሎ ድንኳን ውስጥ ማስቀመጥ ገዳይ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም፣ አይታይም፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል።

እሳት ከተፈቀደ በተዘጋጀው ቦታ አንድዱ። ባሕር የተፋውን እንጨት አታቃጥሉ፤ ጨው የጠጣ እንጨት ጭሱ መርዛማ ነው። ስትጨርሱ እሳቱን አሸዋ አልብሳችሁ አትሂዱ። አሸዋ የለበሰ ፍም ለሰዓታት እንደጋለ ይቆያል፣ ከላይ ግን ምንም አይመስልም። በማግስቱ በባዶ እግሩ የሚሮጥ ልጅ ይረግጠዋል። ውሃ አፍስሱ፣ አማስሉ፣ ደግማችሁ አፍስሱ፤ በእጅ ለመንካት እስኪቀዘቅዝ ድረስ።

የሚበላሽ ምግብ ከ5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ይቀመጥ። አይስ ቦክሱን ጥላ ውስጥ አድርጉ፤ መጠጡንና ምግቡን በተለያየ ሳጥን ብትይዙ የምግቡ ሳጥን ደጋግሞ አይከፈትም። ማታ ምግብ ድንኳን ውስጥ አታሳድሩ።

## ደረጃ 6፦ ውሃ ውስጥ መግባት

### መጀመሪያ ቆማችሁ ተመልከቱ

ልብስ ከማውለቃችሁ በፊት ከፍ ያለ ቦታ ላይ ቆማችሁ ባሕሩን አሥር ደቂቃ ያህል ተመልከቱ። የምትፈልጉት ጎታች ጅረት ነው። ሞገድ ወደ ዳር ያመጣው ውሃ ተመልሶ የሚወጣበት ጠባብ መንገድ ነው። ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው፦

- ግራና ቀኙ ሞገድ እየተሰበረ ነጭ አረፋ ሲሠራ መሐሉ ላይ የማይሰበርበት ክፍተት
- ከአካባቢው ጠቆር ያለ ወይም የደፈረሰ ውሃ
- አረፋ፣ ሣር ወይም አሸዋ ወደ ውስጥ ሲሄድ

ልብ በሉ፤ ለአዲስ ሰው ጸጥ ያለውና ለመዋኘት የሚመቸው የሚመስለው ያ ክፍተት ነው። ልጆችን እዚያ የሚያስገቡ ወላጆች ብዙ ናቸው። አድርጋችሁ ከሆነ አሁኑኑ አውጧቸው።

### ባንዲራውን አንብቡ

በብዙ ዳርቻዎች ከላይ ቀይ ከታች ቢጫ የሆኑ ሁለት ባንዲራዎች ከተተከሉ በመካከላቸው ነፍስ አድን ይጠብቃል፤ እዚያ ዋኙ። ቢጫ ብቻውን ጥንቃቄ ነው። ቀይ ከባድ አደጋ አለ ማለት ነው። ሁለት ቀይ ከሆነ ውሃው ዝግ ነው። ሐምራዊ የሚናደፍ የባሕር እንስሳ አለ ይላል። ብርቱካናማ የነፋስ ከረጢት ከተሰቀለ ነፋሱ ወደ ውስጥ እየገፋ ነው፤ በአየር የሚነፋ ነገር ይዛችሁ አትግቡ። የቦታው ደንብ ሊለያይ ስለሚችል መግቢያው ላይ ያለውን ሰሌዳ አንብቡ።

### አገባብ

በእግር ግቡ። በጭንቅላት ወደማታውቁት ውሃ መዝለል አንገት ይሰብራል። ውሃው ቀዝቃዛ ከሆነ የመጀመሪያው ደቂቃ አደገኛ ነው፤ ትንፋሽ ሳይታዘዝ ይቆራረጣል። በጀርባችሁ ተንሳፈፉና ትንፋሻችሁ እስኪመለስ ጠብቁ። አሸዋማ ወለል ላይ እግራችሁን ሳታነሱ እየጎተታችሁ ሂዱ፤ አሸዋ ለብሶ የተኛ ስቲንግሬይ (ጭራው ላይ መርዛማ እሾህ ያለው ጠፍጣፋ ዓሣ) ካለ ይሰማና ይሄዳል። ጀርባችሁን ለሞገዱ አትስጡ።

መዋኘት የማትችሉ ከሆነ ከጉልበት በላይ ባለ ውሃ ላይፍ ጃኬት ሳትለብሱ አትግቡ። በአየር የሚነፋ ጎማ ላይፍ ጃኬት አይደለም። አልኮል የጠጣ ሰው አይግባ።

### ጅረት ከወሰዳችሁ

1. ከጅረቱ ጋር አትታገሉ። ሲበረታ በሰከንድ ከ2 ሜትር በላይ ይሄዳል፤ የዓለም ሻምፒዮን ዋናተኛም አያሸንፈውም። ሰው የሚሞተው ወደ ዳር ለመመለስ ሲታገል ደክሞ ነው።
2. ተንሳፈፉ። ጅረቱ ወደ ውስጥ ይወስዳል እንጂ ወደ ታች አይጎትትም።
3. እጃችሁን አውለብልቡ፣ ጩኹ።
4. አቅም ካላችሁ ከዳርቻው ጋር ጎን ለጎን ዋኙ። ሞገድ ወደሚሰበርበት ነጭ ውሃ ስትደርሱ ጅረቱን ወጥታችኋል።
5. ከዚያ በሰያፍ ወደ ዳር ተመለሱ።
6. መውጣት ካልቻላችሁ መንሳፈፋችሁን ቀጥሉ። ጅረቱ ሞገዱ ከሚሰበርበት መስመር ካለፈ በኋላ ይደክማል።

ሌላ ሰው ሲወሰድ ካያችሁ ዘላችሁ አትግቡ። ሊያድን ገብቶ የሚሞት ሰው ብዙ ነው። ነፍስ አድን ጥሩ፣ ደውሉ፣ የሚንሳፈፍ ነገር ወርውሩለት። የአይስ ቦክስ ክዳንም ሆነ ባዶ ጀሪካን ይጠቅማል። ዓይናችሁን ግን ከሰውዬው አታንሱ፤ ሌላ ሰው ይደውል።

### ልጆች

የሚሰጥም ሰው አይጮህም፣ አያውለበልብም። አፉ ውሃ ላይ ከፍ ዝቅ ይላል፣ እጆቹ ውሃውን ወደ ታች ይጫናሉ፣ ዝም ይላል። ደቂቃ አይሞላም። በዚህ ምክንያት «እያየኋቸው ነው» የሚባለው ከዳር ሆኖ አይሠራም። ትንሽ ልጅ ሁልጊዜ እጃችሁ የሚደርስበት ርቀት ላይ ይሁን። ብዙ አዋቂ ባለበት ሁሉም ሌላው የሚያይ ይመስለዋል። ስለዚህ አንድ ሰው በስም መድቡ። በዚያ ሰዓት ስልክ አይነካም፣ ወሬ የለም። በየ15 ደቂቃው ተቀያየሩ፤ ስትቀያየሩም «አሁን አንቺ ነሽ» ተባባሉ።

### ሰጥሞ የወጣ ሰው

የማይመልስና በደንብ የማይተነፍስ ከሆነ ሆዱን አትጫኑ፣ ውሃ ለማስወጣት ብላችሁ ዘቅዝቃችሁ አትያዙት። ጀርባው ላይ አስተኙት። አንድ ሰው ይደውል። ጭንቅላቱን ወደ ኋላ አዘንብሉ፣ አፍንጫውን ያዙና ከ2 እስከ 5 ትንፋሽ ስጡ። ከዚያ ደረቱን መሐል ላይ 30 ጊዜ ጫኑ፣ 2 ትንፋሽ ስጡ፤ እንዲሁ ቀጥሉ። ለአዋቂ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ይጠልቅ፣ ፍጥነቱ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ይሁን። ነቅቶ ደህና ነኝ ቢልም ሐኪም ይየው። ሳንባው የባሰበት ከሰዓታት በኋላ ሊታወቅ ይችላል። ይህን ከጉዞ በፊት በአካል ብትማሩት እንዴት ደስ ባለኝ፤ አንብቦ መያዝና በእጅ መሥራት ይለያያል።

## ደረጃ 7፦ ካያክ፣ ፓድል ቦርድና ስኖርክል

1. ላይፍ ጃኬቱን ልበሱ፣ ሁሉንም ማሰሪያ እሰሩ። ሌላ ሰው ትከሻው ላይ ይዞ ወደ ላይ ይሳበው። ጆሮ ድረስ ከወጣ ሰፍቷችኋል። ካያኩ ላይ አስቀምጦ መሄድ አለመያዝ ነው።
2. ባሕሩን እዩ። የሞገዱ ጫፍ ነጭ መሆን ከጀመረ ለጀማሪ አይሆንም፤ ቆዩ።
3. ነፋሱ ከምድር ወደ ባሕር ከሆነ አትውጡ። ዳር ላይ ጸጥ ያለ ይመስላል፣ ጥቂት ከራቃችሁ በኋላ ግን ይበረታል።
4. ስትጀምሩ ወደ ነፋሱ ቅዘፉ። ድካሙ በጉልበት ጊዜ ይሁን፤ ስትመለሱ ነፋሱ ያግዛችሁ። ብዙዎች በተቃራኒው ያደርጉና ደክመው ከነፋስ ጋር ይገጥማሉ።
5. ከዳርቻው ጋር ጎን ለጎን ሂዱ፤ ወደ ውስጥ አትራቁ።
6. የመመለሻ ሰዓት ለቀረ ሰው ንገሩ። ስልክና ፉጨት ሰውነታችሁ ላይ ይሁን፣ ካያኩ ላይ አይደለም።

ከተገለበጠ ከካያኩ አትለዩ። ይንሳፈፋል፣ ከሩቅም ይታያል፤ የሰው ጭንቅላት ግን አይታይም። በፓድል ቦርድ (ቆመው የሚቀዝፉት ተንሳፋፊ ሰሌዳ) ላይ እግር ላይ የሚታሰረውን ገመድ ሁልጊዜ እሰሩ። ነፋስ ከገፋችሁ በደረታችሁ ተኝታችሁ በእጅ ቅዘፉ፤ ቆማችሁ ስትሄዱ ሰውነታችሁ ሸራ ይሆናል።

ለስኖርክል (በቱቦ እየተነፈሱ ውሃ ውስጥ ማየት) መነጽሩን ሳታስሩ ፊታችሁ ላይ አድርጋችሁ በአፍንጫ ሳቡ። ካልወደቀ ልካችሁ ነው። መጀመሪያ ቆማችሁ በምትደርሱበት ውሃ ተለማመዱ። ቱቦው ውሃ ሲገባበት በአንድ ኃይለኛ ትንፋሽ ይወጣል፤ ይህን ሳትችሉ ወደ ጥልቁ አትሂዱ። ሁለት ሆናችሁ ግቡ። ለመጥለቅ ብላችሁ ደጋግማችሁ በፍጥነት አትተንፍሱ፤ ውሃ ውስጥ ሳይታወቅ ራስን ያስታል። ኮራል አትንኩ፣ አትቁሙበት። ሕይወት ያለው እንስሳ ነው፤ ከቧጠጣችሁም ቁስላችሁ ቶሎ አይድንም።

## ደረጃ 8፦ ንድፊያ፣ ቁስልና ፀሐይ

ጄሊፊሽ (ሰውነቱ እንደ ጄሊ የለሰለሰ፣ የሚናደፍ ክር ያለው የባሕር እንስሳ)። ከውሃ ውጡ። አሸዋ አትሹበት፣ ሽንት አታድርጉበት። በባሕር ውሃ እጠቡት፤ ንጹሕ ውሃ የቀረውን መርዝ ሊያስለቅቅ ይችላል። የተጣበቀውን ክር በወረንጦ አንሱ። ከዚያ መቋቋም በሚቻል ሙቅ ውሃ (ከ45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልበለጠ) ቢያንስ 20 ደቂቃ ንከሩት። ሆምጣጤ ለአንዳንዱ ዓይነት ይጠቅማል፣ አንዳንዱን ያብሳል፤ ስለዚህ የአካባቢውን ነፍስ አድን ጠይቁ። መተንፈስ ካስቸገረ ወይም ፊት ካበጠ ወዲያው ደውሉ።

ስቲንግሬይ። ያው ሙቅ ውሃ ነው፤ ከ30 እስከ 90 ደቂቃ። እሾሁ ደረት፣ አንገት ወይም ሆድ ላይ ከተሰካ አትንቀሉት። ሌላ ቦታ ቢሆንም ሐኪም ይየው።

ፀሐይ። ከረፋዱ 4 እስከ ከሰዓት 10 ያለው ይበረታል። ሰንስክሪን ከመውጣታችሁ 15 ደቂቃ ቀድማችሁ ተቀቡ፤ በየሁለት ሰዓቱና ከዋና በኋላ ድገሙት። ሰው ሲያወራ ከተምታታበት፣ ከተንገዳገደ ወይም ራሱን ከሳተ የሙቀት ምት ነው። ጥላ ውስጥ አስገቡት፣ ውሃ አፍስሱበት፣ አራግቡለት፣ እየደወላችሁ።

## ደረጃ 9፦ ሌሊትና ድንገተኛ ነገር

ከመተኛታችሁ በፊት አውታሮቹን አንድ በአንድ ሳቡ። የሌሊቱን ሙላት ሰዓት እዩና ከእሱ አንድ ሰዓት ቀድሞ የሚጮህ አላርም ሙሉ። ጫማና ባትሪ በሩ አጠገብ ይሁን። በጨለማ አትዋኙ።

ነጎድጓድ ከሰማችሁ ወዲያው ከውሃ ውጡ። ድንኳን ከመብረቅ አይከልልም። ጣሪያው ብረት የሆነ መኪና ወይም ሕንፃ ውስጥ ግቡ። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አትመለሱ።

መሬት በኃይል ወይም ለረጅም ጊዜ ከተንቀጠቀጠ፣ ባሕሩ በድንገት ከሸሸ፣ ወይም ከባሕር የሚያገሳ ድምፅ ከመጣ ሱናሚ ሊሆን ይችላል። ማስታወቂያ አትጠብቁ፣ ዕቃ አትሰብስቡ። ቀን ላይ ባያችሁት መንገድ ወደ ከፍታ ሂዱ፤ ከተቻለ ከባሕር ወለል 30 ሜትር በላይ ወይም 3 ኪሎ ሜትር ወደ ውስጥ። ከመጀመሪያው ሞገድ በኋላ ሌላ ይከተላል፤ የሚከተለውም ሊበልጥ ይችላል። ባለሥልጣናት ደህና ነው እስኪሉ ድረስ አትውረዱ።

## ደረጃ 10፦ ስትመለሱ

ነፋስ በሚቀንስበት ማለዳ አጣጥፉ። በነፋሱ በኩል ያሉትን አውታሮች መጨረሻ ላይ ፍቱ። የቀበራችሁትን ከረጢት ሁሉ ቆጥራችሁ አውጡ፣ ጉድጓዶቹን ድፈኑ። ቆሻሻችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ በተለይ የዓሣ ማጥመጃ ክርና ፕላስቲክ። አሸዋ ውስጥ ከቀረ ወፍና ኤሊ ይገድላል።

ቤት ስትገቡ በዚያው ቀን ድንኳኑን፣ ዚፑን፣ ዘንጎቹንና ላይፍ ጃኬቱን በንጹሕ ውሃ እጠቡ። ጨው ብረት ይበላል፣ ዚፕም ያደርቃል። ዚፑ ውስጥ የገባ አሸዋ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይወጣል፤ ሳታወጡት በኃይል ከሳባችሁት ጥርሱ ያልቃል። ድንኳኑን ጥላ ውስጥ አንጠልጥሉት። እርጥብ ሆኖ ከተጠቀለለ ይሻግታል፣ ሽታውም አይለቅም። ስፌቱ ጨርሶ መድረቁን በእጃችሁ ዳስሳችሁ ካረጋገጣችሁ በኋላ ብቻ አጥፉት።